ሐረጎ፣ የትኛው ኩርባ ላይ? ወደ ቀጣዩ ትውልድ የአስቸኳይ ጥሪ ሥርዓት ለመሸጋገር ዕቅድ ለሚያወጡ

«እህቴ፣ ሐረጎ ላይ ነን! መኪናው ተገልብጧል፤ ድረሱልን!»

ይህ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ደሴ ላይ የአምቡላንስ ስልክ በማነሣበት ዘመን፣ በነሐሴ ሌሊት፣ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ የመጣ ጥሪ ነው። ሐረጎ ማለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወርድበት ቦታ ነው። «የትኛው ኩርባ ላይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኩርባው ላይ» አለኝ። ልጁ የሩቅ አገር መንገደኛ ነበር፤ ስለ ቦታው የሚያውቀው ረዳቱ ሲጠራ የሰማውን ስም ብቻ ነው። አምቡላንሱ እስከ ታች ወርዶ ተመለሰ፤ ደግሞም ወረደ። መኪናው ከአስፋልቱ በታች ተንከባልሎ ስለነበረ መብራቱ አይታይም። በመጨረሻ «አሁን ምን ይሰማሃል?» ብዬ ስጠይቀው «ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል» አለ። ሾፌራችን በክረምት ውሃ የሚወርድበትን ኩርባ ያውቀው ነበር። የደረስነው ከመጀመሪያው ጥሪ 50 ደቂቃ በኋላ ነው። አንደኛው ተሳፋሪ ከመድረሳችን በፊት አርፎ ነበር።

ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሣሁ ወዲህ፣ ለከተማቸው ወይም ለወረዳቸው አዲስ የአስቸኳይ ጥሪ ሥርዓት የሚያቅዱ ባለሙያዎች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። አብዛኛው ረቂቅ በዕቃ ዝርዝር ይጀምራል፦ ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ስክሪን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ካርታ። እኔ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ እለምናለሁ። መጀመሪያ ቦታው ይታወቅ፤ ቀጥሎ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ይዘጋጅ፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይገዛ። ይህ ጽሑፍ እንዴት እንደሚደረግ በወሎ ምድር ያየሁትን ይዞ ያሳያል።

አዲሱ ሥርዓት በምን ይለያል?

ለንደን ውስጥ 999 የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደወለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በአላባማ ግዛት ሄይሊቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለባለ ሽቦ ስልክ ነበር። ሽቦው ወደ አንድ ቤት ስለሚሄድ ስልኩ የማን እንደሆነ ከታወቀ ቦታውም ይታወቃል። ሞባይል ሲመጣ ይህ ፈረሰ፤ ስልኩ ሰውየውን ተከትሎ ይዞራል።

ቀጣዩ ትውልድ የሚባለው ሥርዓት ጥሪውን በኢንተርኔት ፕሮቶኮል ያመጣዋል። ድምፁ ብቻውን አይመጣም፤ የደዋዩ ቦታ፣ የጽሑፍ መልእክት፣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ አብረውት ሊመጡ ይችላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የጥሪው አመራር ነው። ጥሪው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሥርዓቱ አንድ ማውጫ ይጠይቃል፦ «በዚህ ነጥብ ላይ ላለ ሰው አምቡላንስ የሚልከው ማን ነው?» ማውጫው ይመልሳል፤ ጥሪው ወደዚያ ይሄዳል። የዚህ ጥያቄና መልስ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የጋራ ደንብ ነው። ግዢ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ አስቡት፦ ማውጫው የሚመልሰው እናንተ የጻፋችሁለትን ብቻ ነው። ሌላ አገር ለብዙ ዓመታት ያከማቸውን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ወደ ካርታ ይገለብጣል። እኛ የምንገለብጠው የለንም፤ ከባዶ እንጽፋለን።

ዛሬ ጥሪው በየት በየት ይመጣል?

ከምንም በፊት አንድ ወር ወስዳችሁ ሰዎች አሁን እንዴት እንደሚደውሉ መዝግቡ። በአገራችን ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 አለ። በገጠር ግን ብዙ ሰው የሚደውለው ለሾፌሩ ነው። የጤና ኬላውን በር ተመልከቱ፤ የአምቡላንሱ ሾፌር የሞባይል ቁጥር በኖራ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁጥሩን በቃሏ ትይዘዋለች። ሾፌሩ ሲቀየር አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው ሥር ይጻፋል፤ አሮጌው አይጠፋም። እነዚህን ቁጥሮች ሁሉ ከየኬላው ሰብስቡ፤ የእውነተኛው ሥርዓታችሁ ካርታ እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ወደ ቴሌኮም ኩባንያዎቹ ሂዱ። «ቴሌን አነጋግረናል» ማለት ዛሬ አይበቃም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደዋዩ ከሁለት መረብ በአንዱ ላይ ነው፤ አጭር ቁጥራችሁ ከሁለቱም መነሣት አለበት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ በደብዳቤ አቅርቡ፦ ቁጥራችን ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከወረኢሉ ሲደወል የት ይደርሳል? ሒሳብ የሌለው ሰው መደወል ይችላል? ሰው 112 ቢደውልስ? የሞባይል ቀፎ 112ን የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር አድርጎ ስለሚያውቀው ሲም ካርድ ባይኖርም ለመደወል ይሞክራል፤ ጥሪው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን መረቡ ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ራሳችሁ ሄዳችሁ ከየቦታው ደውላችሁ አረጋግጡ። አጭር ቁጥር የመመደብ ሥልጣን ያለው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ አዲስ ቁጥር የምታስቡ ከሆነ ደብዳቤው ዛሬ ይጻፍ።

የቦታ መዝገብ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ካላችሁ ጊዜ ግማሹን ለዚህ ስጡት።

ሰው በጭንቅ ሰዓት የሚናገረው ምልክት ነው፦ ከሸዋ በር መስጊድ ጀርባ፣ ከመድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ፣ ሰኞ ገበያ ወፍጮ ቤቱ ጋ። ስለዚህ የመዝገቡ አሃድ ምልክት ይሁን። በየቀበሌው ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ስልኩ ጂፒኤስ ያለው ወጣት፣ ሌላው የቀበሌውን ስም ሁሉ የሚያውቅ አዛውንት። አብረው ይዙሩ። አዛውንቱ ስሙን ይናገሩ፣ ወጣቱ ነጥቡን ይያዝ። አዛውንቱን ለማግኘት የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ መሪዎችን ጠይቁ። ወሎ ውስጥ ቅሬ የማይደርስበት ቤት የለም። ለቀብርም ለሕመምም ሰው የሚጠራራው በቅሬ ነው፤ የትኛው ቤት የት እንዳለ ከቅሬ በላይ የሚያውቅ ጽሕፈት ቤት አላየሁም።

ለእያንዳንዱ ምልክት የሚጻፈው ይህ ነው፦ ሕዝቡ የሚጠራበት ስም፣ ካለ የድሮው ስም፣ መንግሥት የሚጽፍበት ስም፣ ነጥቡ፣ ቀበሌው፣ በበጋ መኪና የሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ፣ በክረምት መኪና የሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብዙ ዕቅድ ይዘላቸዋል። ደጋው ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም አምቡላንስ የማይገባባቸው ብዙ መንደሮች አሉ። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ መንገድ ይወጣሉ። ጥሪ ተቀባዩ ይህን ካወቀ አምቡላንሱን ወደ መንደሩ ሳይሆን ወደ መገናኛው ነጥብ ይልካል፤ ለተሸካሚዎቹም «ከድልድዩ ማዶ ጠብቁን» ብሎ ይነግራቸዋል። ካላወቀ ሾፌሩ ጭቃ ውስጥ፣ እናትየዋ ሌላ ዳገት ላይ ሆነው ይጠባበቃሉ።

ስሞች ይደጋገማሉ። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ መድኃኔ ዓለም የሌለው ወረዳ የለም። በአንዱ አውራ ጎዳና ላይ እንኳ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ሰሜን ስትወጡ ቆቦ ሮቢት አለ፤ የሁለቱም ነዋሪ ሲናገር «ሮቢት» ነው የሚለው። መዝገቡ ውስጥ የሚደጋገም ስም ሁሉ ጥያቄ ይያያዝለት። መድኃኔ ዓለም ሲባል ስክሪኑ ላይ «የትኛው ከተማ? ከአስፋልቱ በላይ ወይስ በታች?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይበል።

የፊደል ነገርም አለ። ሐይቅን አንዱ በሐ፣ ሌላው በኃ፣ ሦስተኛው በሀ ይጽፈዋል። ዓረብ ገንዳ በዓም በአም ይጻፋል። ጽዮን በጸም በፀም ይመጣል። ለእኛ ዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ቦታ በታየ ሙከራ ላይ ጥሪ ተቀባይዋ ትክክለኛውን ስም ጽፋ ስክሪኑ «አልተገኘም» አላት፤ መዝገቡን የጻፈው ሰው በሌላው ሀ ጽፎት ነበር። ሥርዓቱ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ አድርጎ እንዲፈልግ በውል ላይ አስገቡ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም የሚቀበል ከሆነም የደሴ ስም ብቻውን በስንት መንገድ እንደሚጻፍ አስታውሱ።

አሁን ወደ ስልኩ ቦታ እንምጣ። ስልክ ቦታውን በሁለት መንገድ ሊናገር ይችላል። አንደኛው የያዘውን የቴሌኮም ማማ በማየት ነው። ይህ ከተማ ውስጥ ሊረዳ ይችላል፤ ገጠር ላይ ግን ስሕተቱ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። የወሎ መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ስልክ በተራራ የተጋረደውን የቅርብ ማማ ትቶ ቆላ ውስጥ ፊት ለፊት የሚታየውን ሩቅ ማማ ሊይዝ ይችላል። ስክሪኑ ቆላ ሲል ሰውየው ደጋ ላይ ነው። ለጥሪ ተቀባዮቻችሁ ይህን በሥልጠና ሳይሆን በእግር አሳዩአቸው፤ አፋፉ ላይ ቆመው ይደውሉና ስክሪኑ የሚለውን ይመልከቱ።

ሁለተኛው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ የተጀመረው፣ በምሕፃረ ቃል ኤኤምኤል የሚባለው ነው። ሰው የአስቸኳይ ቁጥር ሲደውል ስማርት ስልኩ ራሱ ጂፒኤሱን ከፍቶ ያለበትን ነጥብ ወደ ማዕከሉ ይልካል፤ ደዋዩ ምንም መንካት አይጠበቅበትም። አንድሮይድ ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2016፣ አይፎን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ችሎታው አላቸው። ነገር ግን አገሩና የቴሌኮም ኩባንያዎቹ ተስማምተው ካልከፈቱት አይሠራም። ይህን የማስከፈት ጥያቄ ዕቅዳችሁ ውስጥ ይግባ፤ ያንን የሐረጎን ልጅ በደቂቃዎች ያስገኝልን ነበር። እናቴ የምትይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ይህን አያውቅም፤ የብዙ ገበሬ ስልክም እንደዚያው ነው። የምልክት መዝገቡን ትተን በኤኤምኤል ብቻ እንታመናለን የሚል ዕቅድ ደህና ስልክ የሌለውን ሰው ትቶ የሚሄድ ዕቅድ ነው፤ እኔ አልፈርምበትም።

ከነጥቦቹ በኋላ የኃላፊነት ክልሎች ይሰመራሉ። ማውጫው የሚመልሰው በእነዚህ መስመሮች ነው። ሁለት ነገር አይፈቀድም፦ ማንም የማይሸፍነው ባዶ ቦታ፣ ሁለት ማዕከል የሚሸፍነው መደራረብ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ ውሰዱ። ደጋንን አልፋችሁ ስትወርዱ ከደቡብ ወሎ ወጥታችሁ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትገባላችሁ፤ ከባቲ በታች አፋር ይቀጥላል። ከጂቡቲ በሚሌ በኩል ወደ ወሎ የሚመጡት ከባድ መኪኖች የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው። ድንበር ላይ መኪና ሲገለበጥ አንዱ «የእነሱ ነው» ይላል፣ ሌላውም «የእነሱ ነው» ይላል። ስለዚህ የጤና፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ኃላፊዎችን ከየዞኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን ቶሎ በሚደርሰው አምቡላንስ አስምሩ። የወጣውን ነዳጅ ማን እንደሚተካ በዚያው ቀን ተስማሙ። ነዳጁ ካልተነገረ ስምምነቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

መዝገቡ መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? በአሜሪካ የአስቸኳይ ጥሪ ባለሙያዎች ማኅበር አሮጌው የአድራሻ ሰንጠረዥና አዲሱ ካርታ ቢያንስ 98 በመቶ እንዲገጥሙ ይመክራል። እኛ ሰንጠረዥ ባይኖረንም የጥሪ መዝገብ ደብተር አለን። ካለፈው ዓመት ደብተር 200 ጥሪዎችን ከየወሩ አውጡ። ደዋዩ የተናገረውን ቃል እንዳለ ለአዲስ ጥሪ ተቀባይ አንብቡለትና ቦታውን መዝገቡ ላይ ይፈልግ። ከ200ው 196ቱን እስኪያገኝ ድረስ መዝገቡ አልተጠናቀቀም። ያልተገኙትን አንድ በአንድ ሄዳችሁ እዩአቸው።

ሰዓት

አጭር ጉዳይ ነው፤ ግን ሕይወት ይነካል። አንድ ጊዜ የወለደች እናት ደም አልቆም ብሏት ባሏ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደወለ። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» ሲባል «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» አለ። ጥሪውን የተቀበለው ሰው የኮምፒውተሩ ቅጽ ላይ 7:00 ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በውጭው አቆጣጠር ስለሆነ 7:00 ማለት ለእሱ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሕመምተኛዋን የተቀበለው ክፍል ወረቀቱን አይቶ ለሁለት ሰዓት ያህል እንደደማች ተረዳ። የደማችው ስምንት ሰዓት ነበር። ሐኪሙ ፊቷን አይቶ ባይጠራጠር ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር አስባለሁ።

ውሉ ላይ ይህን ጻፉ፦ ማሽኑ በውስጡ በፈለገው ይቁጠር፤ ስክሪኑ ላይ ግን በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን አቆጣጠር፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ከሚል ቃል ጋር ያሳይ። ቁጥር ብቻውን የሚያስገባ ሳጥን አይኑር።

ስልኩን የሚያነሣው ሰው

ሒሳቡን እንሥራ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድ ወንበር ሌት ተቀን ሳይለቀቅ እንዲያዝ አራት ሰው አይበቃም፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሐዘን ሲታሰብ ለአንድ ወንበር አምስት ሰው ያስፈልጋል። ሦስት ወንበር ካሰባችሁ 15 ሰው በጀት ያዙ። በጀቱ ለስድስት ሰው ብቻ ከሆነ አንድ ወንበር በትክክል ክፈቱ። ያው የአሜሪካው ማኅበር ከ100 ጥሪ 90ው በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲነሣ መለኪያ አስቀምጧል። እናንተም መለኪያ ይኑራችሁ፤ በየሳምንቱም ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ቋንቋ የዕቅድ ጉዳይ ነው። ከሚሴና ባቲ ኦሮምኛ፣ ወደ ቆላው አፋርኛ ይናገራሉ። ባቲ ሰኞ ገበያ ሲውል ሦስቱም ቋንቋ አንድ ሜዳ ላይ ነው። የሰኞ ተራ ሲወጣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚችል ሰው ወንበር ላይ ይኑር፤ በሌላው ቀን ደግሞ ስልክ ተደውሎለት ሦስተኛ ሆኖ የሚገባ አስተርጓሚ ይመዝገብ።

ከውጭ የሚመጣው የጥያቄ ቅጽ በትርጉም ይመጣል፤ ትርጉሙን አትመኑት። «ሕመምተኛው ንቃተ ኅሊና አለው?» ተብላ የተጠየቀች እናት ዝም ትላለች። «ስትጠሪው ይመልስልሻል?» ስትባል ወዲያው ትመልሳለች። «ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል?» «ደሙ ጨርቁን ስንት ጊዜ አራሰው?» ቅጹን ከአዋላጆችና ከሾፌሮች ጋር ቁጭ ብላችሁ እንዲህ ባለው አማርኛ እንደገና ጻፉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «የት ነህ?» ይሁን፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ከተያዘ መኪና ይወጣል። ድምፁ የተሰበረ ሰው ደግሞ ቅጹን ከመስማቱ በፊት «አብሽሪ እናቴ፣ እኔ አለሁ፣ መኪናው እየመጣ ነው» መባል አለበት። ወሎ ላይ «አብሽር» የሚለው ቃል የሚሠራውን ሥራ አይቻለሁ፤ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ መናገር ይጀምራል። ሥልጠናው ውስጥ ይግባ።

የጽሑፍ ጥሪም አትርሱ። መስማት ለተሳናቸውና ድምፅ አሰምተው መናገር ለማይችሉ፣ ለምሳሌ ከሚደበድባት ሰው ተደብቃ ለምትጽፍ ሴት፣ መልእክት ብቸኛው በር ነው። ብዙ ወጣት አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ ስለሚልክ ጥሪ ተቀባዮች ያንን ፈጥነው ማንበብ ይለማመዱ። የሚመጣው ፎቶግራፍና የሚቀረጸው ድምፅ የሰው ምስጢር ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ማን እንደሚያይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚያጠፋው በስም ይወሰን።

ሥርዓቱ የሚወድቅበት ቀን

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 አሜሪካ ውስጥ በ7 ግዛቶች 911 ለስድስት ሰዓት ያህል ተቋረጠ። ማዕበልም እሳትም አልነበረም። ጥሪዎችን እየቆጠረ መስመር የሚመድብ ፕሮግራም የቆጠራው ጣሪያ ላይ ደረሰና ቆመ፤ ከ6,600 በላይ ጥሪዎች ሳይነሡ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ደግሞ በብሪታንያ የ999 ሥርዓት ተበላሽቶ ወደ 14,000 የሚጠጉ ጥሪዎች ሳይገናኙ ቀሩ። መጠባበቂያ ሥርዓት ነበራቸው፤ ግን የመጀመሪያው የማዘዋወር ሙከራ ከሸፈ፤ መመሪያው በደንብ አልተጻፈም፣ ሠራተኞቹም አልተለማመዱበትም ነበር።

ከእነዚህ ሁለቱ ለእኛ የሚወጣ ሥራ አለ። ሻጩን «በሥርዓታችሁ ውስጥ ጣሪያ ያለው ቆጣሪ የት የት አለ? ሲሞላ ማን ይነገረዋል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በየወሩ አንድ ቀን ደግሞ ዋናውን ሥርዓት ሆን ብላችሁ አጥፉትና ወደ መጠባበቂያው ተሻገሩ። ይህን የሚያደርገው ኢንጂነሩ አይሁን፤ የሌሊት ተረኛው፣ የታተመውን መመሪያ ብቻ ይዞ ያድርገው። የተሰናከለበት መስመር ላይ መመሪያው ይታረም።

መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ባትሪው ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይያዝ፤ ጄኔሬተሩ የሦስት ቀን ነዳጅ ይኑረው፤ የነዳጁ ቁልፍ ማታ በማን እጅ እንዳለ ይጻፍ። «ሁለት የፋይበር መስመር አለን» ሲባሉ ብዙዎች ይረካሉ። ካርታውን አስወጡና በጣታችሁ ተከተሉት። ሁለቱም ሐረጎን በአንድ ቦይ የሚወርዱ ከሆነ አንድ ናዳ ወይም አንድ ቆፋሪ መኪና ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። ሁለተኛው መስመር በሌላ መንገድ ይምጣ፤ ካልተቻለ በሬዲዮ ሞገድ ይደገፍ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ስልክና መብራት የተቋረጠባቸውን ቀናት እዚህ የነበረ ሰው አይረሳቸውም። ያኔ የታመመ ሰው የተረፈው በቃሬዛና በሰው እግር ነው። ዕቅዱ ውስጥ መረብ በሌለበት ቀን የሚሠራ አንድ ገጽ ይኑር፦ አምቡላንሶቹ በየትኛው መስቀለኛ መንገድ ቆመው እንደሚጠብቁ፣ ቅሬዎቹ ሰው ወዴት እንደሚያወጡ፣ የእጅ ሬዲዮ ያለው ማን እንደሆነ። ያ ገጽ በወረቀት ታትሞ በየጤና ጣቢያው ይሰቀል።

ግዢ

አሁን ዕቃ መግዛት ይቻላል። የቦታው መዝገብ፣ ቅጹና መለኪያው በእጃችሁ ስላለ ሻጩ የሚያሳያችሁን ሳይሆን የምትፈልጉትን ትጠይቃላችሁ። ክፍት የሆኑ የጋራ ደንቦችን የማይከተል ሥርዓት አትግዙ፤ ነገ ሌላ ሻጭ ሲመጣ ታስራችሁ ትቀራላችሁ። የቦታው መዝገብና የጥሪው መረጃ ንብረትነት የእናንተ እንደሆነ፣ ስትጠይቁም በሚነበብ ቅርጽ እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ ይስፈር። ከግዢው ዋጋ ይልቅ በየዓመቱ የሚከፈለውን ተመልከቱ። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ከሆነ በሦስተኛው ዓመት ማን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ አትፈርሙ።

የመሸጋገሪያው ቀን

ቀኑን ከወሎ ዘመን ጋር አስማሙት። ክረምት አይሆንም። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሕዝብ ይጎርፋል፤ ታኅሣሥ 29 ላሊበላ እንዲሁ፤ መረቡም መንገዱም በዚያ ሰሞን ይጨናነቃል። እኔ ብሆን የኅዳርን ሁለተኛ ሳምንት እመርጣለሁ፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ግሸን አልፏል፣ በልግም ገና ነው። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ባለሙያ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ይሁን። ሌሊት ወይም ዓርብ ከሰዓት ፈጽሞ አይሁን።

ከዚያ በፊት ባለው ወር በየቀበሌው አንድ ሰው ከሁለቱም መረብ፣ በስማርት ስልክም በባለ ቁልፍ ስልክም ይደውል። «ይህ ሙከራ ነው» ብሎ ያለበትን ምልክት ይናገር፤ ጥሪ ተቀባዩ ያገኘው ነጥብ ከእውነተኛው ምን ያህል እንደራቀ ይመዝገብ። ከአንድ ቀበሌ የመጣው ሙከራ ካልተሳካ ያ ቀበሌ በአሮጌው መንገድ ይቆይና ሌሎቹ ይሻገሩ፤ ሁሉን በአንድ ቀን ማሻገር ግዴታ አይደለም።

አሮጌው ቁጥር ቢያንስ አንድ ዓመት ይነሣ። የሾፌሮቹን የሞባይል ጥሪ ወደ ማዕከሉ አዙሩት፤ ሾፌሮቹን ግን አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው። ለዓመታት ሌሊት ከእንቅልፋቸው እየተነሡ ያንን ስልክ ያነሡ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ከሥራ ሲወጣ ምስጋናና ምክንያት ይገባቸዋል። የትኛው ዳገት በክረምት እንደሚያንሸራትት የሚያውቁትም እነሱ ስለሆኑ፣ መዝገቡን በየስድስት ወሩ ለማረም በክፍያ ጥሯቸው።

የጤና ኬላው በር ላይ በኖራ የተጻፈውን የሾፌር ቁጥር ወዲያው አታጥፉት። አዲሱን ከሥሩ በትልቁ ጻፉት። ከዚያ ቀበሌ በአዲሱ ቁጥር የተደወለ እውነተኛ ጥሪ ተነሥቶ፣ አምቡላንሱ ሳይጠፋበት ሲደርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ ጨርቅ አርሳ ታጥፋው።